አሮጌውን ዕቃ በእጅሽ ይዘሽ ሂጂ፦ በአሽራፊዬ የስፌት መኪና መለዋወጫ ፈልጎ ስለ መግጠም

በቤይሩት አሽራፊዬ አሮጌ ቤቶች፣ ሳሎን ጥግ ላይ፣ የአበባ ማሰሮ የተሸከመ ጥቁር የስፌት መኪና ማየት የተለመደ ነው። የአሠሪያችን የማዳም እናት ወይም አያት የሰፉበት ሲንጀር ነው፤ ዛሬ ጌጥ ሆኗል። ቤቱ ሲታደስ ወይም ልጆቹ ፈረንሳይና ካናዳ ሲገቡ ደግሞ «ውሰጂው» ይባላል። እኔም የመጀመሪያውን ያገኘሁት እንዲህ ነው። አንቺም እንደኔ አግኝተሽው፣ ወይም ቡርጅ ሐሙድ ቤት ተከራይተሽ በፍሪላንስ እየሠራሽ ቢራቢሮ የሚባለውን የቻይና መኪና ገዝተሽ ይሆናል። አንድ ቀን ክሩ ይቋጠራል፣ መርፌው ይሰበራል፣ ቺንጋው ይበጠሳል። ይህን የምጽፍልሽ ያን ቀን «አርጅቷል» ብለሽ እንዳትጥዪው ነው። የመኪናው አካል ብረት ነው፤ ከኔም ካንቺም በላይ ይኖራል። የሚያልቁት በጣት የሚቆጠሩ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ይገኛሉ።

በእግር የሚረገጠው ደርሶሽ ከሆነ በተለይ አትናቂው። በ2021 አጋማሽ የመንግሥት መብራት በቀን አንድና ሁለት ሰዓት ብቻ ይመጣ ነበር፤ ኦክቶበር 9 ቀን ደግሞ የዴር አማርና የዛህራኒ ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው አገሩ በሙሉ ጨለመ። ፔዳል የምትረግጥ ሴት ግን በሻማም ቢሆን የሐበሻ ቀሚሷን ጠርዝ ትጨርሳለች።

መጀመሪያ መኪናሽን እወቂ

ባለሱቁ ቀድሞ የሚጠይቅሽ «ምን ዓይነት መኪና ነው?» ብሎ ነው። «ጥቁር ሲንጀር» ማለት መልስ አይሆንም፤ ጥቁር ሲንጀር ብዙ ዓይነት አለው። ስለዚህ ከስሙ በፊት ቦቢኑ፣ ማለትም የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት ትንሽ የቆርቆሮ መንኮራኩር፣ የት እንደሚገባ እዪ። ከመርፌው በስተግራ ጎንበስ ብለሽ፣ ቦቢኑን በቤቱ ውስጥ አድርገሽ ቆሞ የሚገባ ከሆነ የ15 ቁጥር ቤተሰብ ነው። ከመርፌው ፊት ያለችውን ክዳን ገፋ አድርገሽ ከላይ ተኝቶ የሚገባ ከሆነ የ66 ቁጥር ቤተሰብ ነው። ቦቢኑ ክብ ሳይሆን ቀጭንና ረጅም ሆኖ እንደ ጀልባ ባለ ዕቃ ውስጥ ከገባ ግን መኪናሽ የጥንት ነው፤ መለዋወጫውን ሱቅ ለሱቅ ስትዞሪ አትዋዪ፣ ሌላ የሞተ መኪና ፈልጊለት።

ቀጥሎ በአካሉ ላይ የተመታውን ቁጥር ጻፊ። እውነተኛ ሲንጀር ከሆነና ቁጥሩ ፊት ምንም ፊደል ከሌለ ከ1900 በፊት የተሠራ ነው። በላቲኑ «ኢ» የሚጀምሩ ሁለት ፊደላት ካሉት የመጣው ስኮትላንድ ክላይድባንክ ከነበረው ፋብሪካ ነው፤ ያ ፋብሪካ በ1885 ተከፍቶ በ1980 ተዘግቷል። የውስጥ ዕቃዎቹን ስትፈቺም «ሲማንኮ» የሚል ጽሑፍና ቁጥር ታገኛለሽ። ሲማንኮ የሲንጀር ፋብሪካ አጭር ስም ነው፤ ከጎኑ ያለው ቁጥር ደግሞ የዕቃው መለያ ነው። ያንን ቁጥር አትርሺው፤ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ የሚጠቅምሽ እሱ ነው።

ፊት ላይ የተለጠፈው ወርቃማ ስም አያሳስትሽ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ፋብሪካዎች 15 ቁጥርን እንዳለ ወስደው እያባዙ በመቶ ስም ሸጡት። ቻይናም ቢራቢሮን የመሳሰሉትን በዚያው መልክ ሠራች፤ አገር ቤት ከመርካቶ እስከ ገጠር ከተማ ልብስ ሰፊው የሚረግጠው አብዛኛው የዚሁ ዘር ነው። ሁሉም ይመሳሰላሉ፤ ዕቃቸውም ይመሳሰላል። መመሳሰል ግን መግጠም አይደለም። ቅጂ የሚሠራ ሁሉ በራሱ መለኪያ ይሠራል። በዓይን የማይታይ የፀጉር ያህል ልዩነት መርፌ ለመስበር ይበቃል።

ከመግዛትሽ በፊት

ገንዘብሽን ይዘሽ ከመሮጥሽ በፊት ዕቃው በእርግጥ መሞቱን አረጋግጪ። ከሚመጡልኝ መኪኖች ግማሹ የሚፈልጉት መለዋወጫ ሳይሆን ጽዳት ነው። መርፌውን አውጥተሽ ጨርቅ የሚገፉትን ጥርሶች የሸፈነውን ሳህን ፍቺ። ከሥሩ እንደ ተፈተለ ሱፍ የተጠቀጠቀ ብናኝ ታገኛለሽ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በመርፌ ጫፍ ጠራርጊው። ከዚያ ከታች ሆኖ የመርፌውን ክር በሚይዘው መንጠቆ ዙሪያ የተጠመጠመ ክር ካለ በትንሽ መቀስ ቆርጠሽ ሳብ አድርጊ። አዲስ መርፌ ግጠሚና እንደገና ስፊ። ካልተስተካከለ ያኔ ዕቃ እንፈልጋለን።

ማዳም ቤት ስላለ ብቻ የወይራ ዘይት የጨመረችበት መኪና ብዙ አይቻለሁ። የወጥ ዘይት ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይደርቃል፤ መኪናው ድርቅ ብሎ አልዞር ሲል ሰው «ተሰብሯል» ይላል። ያ መኪና የሚፈልገው በየቀዳዳው ጠብታ ጠብታ ላምባ፣ አንድ ሌሊት ትዕግሥት፣ በማግስቱ ደግሞ ቀለም የሌለው ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ነው።

ዕቃው ያለቀ ከሆነ ስትፈቺው በየደረጃው በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ነጭ ፎጣ ዘርግተሽ የፈታሽውን በተፈታበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሪ። ሳሎን ምንጣፍ ላይ የወደቀች የሲንጀር ቪቴ አትገኝም፤ ብትጠፋ ደግሞ ተራ ቪቴ አይተካትም፣ ጥርሷ የራሷ ነው። ካቻቢቴሽ የቪቴውን ስንጥቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሞላ ይሁን። ጠባብ ካቻቢቴ የቪቴውን ራስ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው መሰርሰሪያ ብቻ ነው።

የት ይገኛል?

ከአሽራፊዬ የሚቀርበው ቡርጅ ሐሙድ ነው። ከጅኢታዊ ወርደሽ ወንዙን በድልድዩ ስትሻገሪ ደርሰሻል። ከ1915 እልቂት የተረፉ አርመኖች የሠሩት ሰፈር ስለሆነ ጫማ ሰፊው፣ ወርቅ ሠሪው፣ ልብስ ሰፊው ሁሉ እዚያ ነው፤ የሚሰፋ ባለበት ደግሞ የስፌት መኪና የሚጠግን አይጠፋም። በአራክስና በማራሽ መንገዶች ዙሪያ ያሉትን ጠባብ ሱቆች እየጠየቅሽ ሂጂ። ብዙ ጊዜ ባለሱቁ ሽማግሌ ነው፤ ዕቃውም በመሳቢያ፣ በብስኩት ቆርቆሮ፣ በፊልም ዕቃ ውስጥ ነው። ከየት እንደመጣሽ ከጠየቁሽ ስለ አርባ ልጆች ንገሪያቸው፤ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ስላመጧቸው አርባ አርመን የሙት ልጆች። እኔ ይህን ካወራሁ በኋላ ቡና ሳልጠጣ የወጣሁበት ጊዜ የለም።

ችግሩ ቀኑ ነው። የእኛ የዕረፍት ቀን እሑድ ነው፤ እነዚህ ሱቆች ደግሞ አብዛኞቹ እሑድ ዝግ ናቸው። ስለዚህ ቤት ውስጥ የምትሠሪ ከሆነ ዕቃውን በላስቲክ ጠቅልለሽ፣ የመኪናውን ዓይነትና ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ፣ በሥራ ቀን ለምትወጣ ፍሪላንስ እህት ስጫት። ፎቶ ብቻ አትላኪላት። ፎቶ መጠን አያሳይም። ምርጫ ከሌለሽ ግን ዕቃውን ማስመሪያ ላይ አስተኝተሽ ከቀጥታ በላይ አንሺው።

እሑድ ብቻ የምትወጪ ከሆነ በወንዙ ዳር ያለው የእሑድ ገበያ፣ ሱቅ ኤል አሐድ፣ አለልሽ፤ ቅዳሜና እሑድ ይቆማል። እዚያ መለዋወጫ ለብቻው አትፈልጊ፤ ሙሉ የሞተ መኪና ፈልጊ። ሳጥኑ የተሰበረ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ማንም የማይፈልገው መኪና ከውስጡ መንጠቆ፣ ጥርስ፣ እግር፣ የክር ማጥበቂያ፣ ሃያ ቪቴ ይወጣለታል። መዘውሩን በእጅሽ አዙሪው፤ ከዞረ ሆዱ ደህና ነው። ባስታ ያሉት የጥንት ዕቃ ሻጮችም መኪና አላቸው፣ ግን እነሱ የሚሸጡት ለጌጥ ስለሆነ ውድ ነው። የቢራቢሮ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው መርካቶ እንዲገዛልሽ ማስላክ ሌላው መንገድ ነው።

ሱቁ ስትገቢ የምታውቂው የማዳም ቤት ዐረብኛ ይበቃሻል፣ ጥቂት ቃል ብቻ ጨምሪበት። የስፌት መኪና «ማኪኔት ኽያጣ» ነው፤ መርፌ «ኢብሬ»፣ ቪቴ «ቢርጊ»፣ ሞላ «ራሶር»፣ ቺንጋ «አሻጥ»። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ «ባዲ ሚትል ሃይዲ» በይ፤ እንደዚህ ያለ እፈልጋለሁ ማለት ነው። «አስሊ» ካሉሽ ኦሪጅናል፣ «ታእሊድ» ካሉሽ ቅጂ ነው። ታእሊዱ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም፤ ለቦቢንና ለእግር እኔም እገዛዋለሁ። ለመንጠቆና ለቦቢን ቤት ግን ከተቻለ ከአሮጌ መኪና የወጣ አስሊ ይሻላል። ካልገጠመ እንደሚቀይሩልሽ ገንዘቡን ሳትሰጪ ተስማሚ።

መግጠሙ

ሁሉንም ከመጀመርሽ በፊት፣ መኪናው የመብራት ከሆነ ሶኬቱን ንቀዪ። ማጥፋት አይበቃም፤ እግርሽ ፔዳሉን ከነካ መርፌው በጣትሽ ላይ ይወርዳል። እና አንድ ሕግ ያዢ፦ አልገባም ያለውን ዕቃ አትግፊው፣ አትደብድቢው። መሞረድ ካለበት የሚሞረደው አዲሱ ዕቃ ነው እንጂ መኪናው አይደለም። አዲሱ ቢበላሽ ሌላ ትገዢያለሽ፤ መኪናውን ከሞረድሽ ግን ከዚያ በኋላ ምንም ነገር አይገጥመውም።

መርፌ ቀላሉ ነው። ለ15፣ ለ66፣ ለቢራቢሮም የሚሆነው አንድ ዓይነት ነው፤ በማሸጊያው ላይ 130/705 ወይም 15 በ1 የሚል ተጽፏል። አናቱ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋው ጎን መንጠቆው ወዳለበት፣ ረጅሙ ቦይ ክሩ ወደሚገባበት ይዙር። ውፍረቱ በቁጥር ነው፤ 90 ማለት 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ለነጠላና ለስስ ጥጥ 70 ወይም 80፣ ለመጋረጃና ለአንሶላ 90፣ ለጂንስ 100 ውሰጂ። እስከ ላይ ድረስ ገፍተሽ አጥብቂ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለ መርፌ ስፌት ይዘላል።

የቦቢኑ ቤት ላይ ግን እንቆይ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነውና። መጀመሪያ ቦቢኑ ራሱ፦ የ15 ቁጥር የብረት ቦቢን ሁለቱም ጎኑ ለጥ ያለ ነው፤ የ66 ቁጥሩ ጎኑ በትንሹ ያበጠ ነው። ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ በጣትሽ ጠርዙን ጫን ስታደርጊው የሚወዛወዘው የ66ቱ ነው። ቀጥሎ ቤቱ፦ የ15 ቁጥሩን ቤት አፉን ወደ ኋላ፣ ፊቱን ወደ አንቺ አድርገሽ ያዢው። ከላይ ወጣ ያለች ጣት አለችው። በአንዳንዱ ጣቷ በግድግዳ ሰዓት ላይ 11 ቁጥር ወዳለበት ታመለክታለች፣ በሌላው 1 ወዳለበት። ልዩነቱ ያ ብቻ ነው፤ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይሆንም።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያው ሲንጀሬ የቦቢን ቤት ሲላላ አሮጌውን ቤት ትቼ አንድ ሱቅ ገባሁና «ለ15 ቁጥር» ብዬ ገዛሁ። ሰውየውም የሰጠኝ የ15 ቁጥር ነበር። ቤት ስደርስ ገባ፣ ግን ያች «ቀጭ» የምትል ድምፅ አልተሰማችም። በአውራ ጣቴ ገፋሁት። መዘውሩን አንድ ጊዜ ሳዞር መርፌው ጣቷ ላይ አረፈና ከሁለት ተሰበረ፤ ስባሪው ጉንጬን ጫረኝ። የገዛሁት የ1 ነበር፤ የኔ መኪና የ11 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጌውን ሳልይዝ ሱቅ ገብቼ አላውቅም። አንቺም ስትገጥሚ «ቀጭ» እስኪል ጠብቂ፤ ከዚያ መዘውሩን በእጅሽ ብቻ፣ ወደ አንቺ፣ ሦስት ዙር ቀስ ብለሽ አዙሪ። የሚነካካ ነገር ካለ ጣትሽ ከጆሮሽ ቀድሞ ይሰማዋል።

ቤቱ መግጠሙን ካየሽ በኋላ መልሰሽ አውጥተሽ የክሩን ጥበቃ እዪ። ቦቢኑን በቤቱ ውስጥ አድርገሽ ክሩን ይዘሽ አንጠልጥዪው። ዝም ብሎ ወደ መሬት ከወረደ ላልቷል፤ ስትነቀንቂውም አልንቀሳቀስ ካለ ጠብቋል። ነቅነቅ ስታደርጊው ጥቂት ጣት ያህል ወርዶ ከቆመ ልክ ነው። የምታስተካክዪው በጎኑ ባለችው ትንሽ ቪቴ ነው፣ በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ። በመንጠቆው ጫፍ ላይ ክር የሚይዝ ሻካራ ነገር ከተሰማሽ በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት አሻሽተሽ አለስልሺው፤ የጫፉን ቅርጽ ግን አትንኪ።

የእግር መኪና ቺንጋ ክብ ቆዳ ነው፣ ውፍረቱ ወደ 5 ሚሊ ሜትር። ከጫፉ ጋር አንድ የሽቦ መቆለፊያ ይሰጡሻል። ቺንጋውን በታችኛው ትልቅ ጎማና በላይኛው መዘውር ቦይ ውስጥ አዙረሽ በእጅሽ ወጠር አድርጊና ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ። እዚያው ቁረጪው፣ በአንዴ አታሳጥሪው። ከጫፉ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለሽ በወስፌ ብሺው፤ የእናቶቻችን የሰፌድ ወስፌ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። መቆለፊያውን አስገብተሽ በፒንሳ ግጠሚው፣ የሽቦው ጫፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ፤ ቀሚስሽን ይይዛል። አዲስ ቆዳ ይለጠጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲላላ አንድ ሴንቲ ሜትር ቁረጪለት፣ ከዚያ ይረጋጋል። ሲበዛ የተወጠረ ቺንጋ እግርሽንም መኪናውንም ያደክማል።

ቦቢን የሚጠቀልለው ላይ ያለችው ትንሽ የጎማ ቀለበት ስታልቅ መኪናው ቦቢን መሙላት ያቆማል። ለሷ ቡርጅ ሐሙድ ድረስ አትሂጂ። ከሰፈርሽ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ በልኳ የሆነች የውሃ መዝጊያ የጎማ ቀለበት ውሰጂ፤ ልክ ታገለግላለች። የጨርቅ መጫኛው እግርም እንዲሁ ቀላል ነው፦ የቢራቢሮውም የሲንጀሩም አጭር እግር ነው፣ እግሩን የሚይዘው ቪቴ ከታችኛው ሳህን በ19 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ለፋብሪካ መኪና የተሠራ ረጅም እግር አትቀበዪ።

የላይኛው ክር ማጥበቂያ ሲፈታ ብዙ ሰው ይደናገጣል። ሁለቱ ሳህኖች ሆዳቸውን እርስ በርስ አገናኝተው ይቀመጣሉ፤ ከኋላቸው ክር የሚመልሰው ቀጭን ሞላ፣ ከፊታቸው ትልቁ ሞላና ቁጥር ያለበት ጉልላት። እግሩን ስታነሺ ሳህኖቹ ይከፈታሉ፣ ስታወርጂ ይዘጋሉ። ካልተከፈቱ በመካከላቸው ያለችውን ቀጭን ሽቦ ረስተሻል። መርፌው የተሰካበትን ዘንግ ግን ካልተገደድሽ አትንኪ። ከተነካ መንጠቆው መርፌው ከታች ተነሥቶ ወደ 2.4 ሚሊ ሜትር ሲወጣ ከመርፌው ዓይን ጥቂት ከፍ ብሎ መድረስ አለበት፤ ይህን በዓይን መገመት አይቻልም፣ ለባለሙያ ስጪው።

ሞተር ካለው ከመሰካትሽ በፊት በሞተሩ ሳህን ላይ ያለውን ቮልት አንብቢ። ከአሜሪካ የመጣ መኪና 110 ነው፤ ሊባኖስ 220 ነው፤ እንዲሁ ብትሰኪው ይቃጠላል፣ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ሽቦው ላይ ያለው ጎማ ተሰነጣጥቆ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይቀየር። የመንግሥት መብራት ሲጠፋ ስለሚተካው የሰፈር ጄኔሬተር አትጨነቂ፦ የሚሰጥሽ 5 አምፔር ቢሆን እንኳ ወደ 1,100 ዋት ነው፣ የቤት ስፌት መኪና ሞተር የሚወስደው ከዚያ ጥቂቱን ነው። መብራቱን የሚጥለው ካውያው ነው። ሰፍተሽ ጨርሰሽ፣ መኪናውን አጥፍተሽ ተኩሺ።

አሁን ሞክሪው። አሮጌ አንሶላ ሁለት አጥፈሽ፣ ላይ ቀይ ክር፣ ታች ነጭ ክር አድርገሽ አንድ ክንድ ያህል ስፊ። ከላይ ነጭ ነጥብ ከታየ የላይኛው ክር ጠብቋል፤ ከታች ቀይ ከታየ ላልቷል። ቀጥሎ በአንድ እጥፍ ነጠላ፣ ከዚያ በአራት እጥፍ ጂንስ ሞክሪ። አሮጌውን ዕቃ አትጣዪው፤ ቁጥሩን ጽፈሽበት በላስቲክ ጠቅልለሽ ከመኪናው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ የገጠምሻቸውን ቪቴዎች አንድ በአንድ በካቻቢቴ ነካ ነካ አድርጊያቸው፤ በመጀመሪያው ሳምንት መንቀጥቀጥ አንዱን ሳያላላው አይቀርም።